ሞላ ያለው ሰንጢ ለማን ነው?

«የኪስ ሰንጢም የጋዜጣ ወሬ ሆነ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። አዎ፣ ሆነ! በዋሽንግተንና በባልቲሞር አካባቢ የምንኖር አበሾች መጋዘን ውስጥ ካርቶን እንቀዳለን፣ ሱቅ ውስጥ ሸቀጥ እንፈታለን፣ ታክሲ እንነዳለን። ሰንጢ መያዝ ለብዙዎቻችን ፉከራ ሳይሆን ሥራ ነው። ሰሞኑን አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ በሠላሳ በአርባ ዶላር የሚገኝ ጥሩ ባለሞላ ሰንጢ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ይመስላል። መልሱ ግን ከብረቱ ይልቅ ከፖሊሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በአደባባይ ልመልስለት ፈለግሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከዕቃው እንጀምር። ባለሞላ የምንለው ሰንጢ እጀታው ውስጥ ቀጭን የብረት ሞላ አለችው። ሰንጢው ተዘግቶ ሳለ ሞላዋ ስለቱን ወደ ውስጥ ይዛ ታስቀምጠዋለች። ከስለቱ ሥር ወጣ ያለችውን ጉጥ በጣትህ ስትጫን መጀመሪያ የምትገፋው አንተ ነህ። ጥቂት ከተከፈተ በኋላ ሞላዋ ትረከብህና ጧ! ብሎ ይከፈታል፤ መቆለፊያው ይይዘዋል። «ስዊችብሌድ» የሚባለው የፊልም ዱርዬዎች ሰንጢ ሌላ ነው። እሱ እጀታው ላይ ያለችውን አዝራር ስትነካ ስለቱን ሳትነካው ራሱ ተወርውሮ ይወጣል። ልዩነቱ ይቺው ናት፤ ጣትህ ስለቱን ገፋ ወይስ አዝራሩን ተጫነ?

ታዲያ በዚህች ልዩነት ላይ ስንት ሰው ተንገላታ መሰላችሁ!

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ስዊችብሌድ ከስቴት ስቴት እንዳይነገድ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በ2009 የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ ባለሞላውንም ሰንጢ እዚያው ክልከላ ውስጥ ሊጨምረው ተነሣ። ቢላዋ ሠሪዎቹና አዳኞቹ ጮኹ፤ ኮንግረሱም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሕጉን አሻሻለና መጀመሪያ በእጅ መገፋት ያለበት ሰንጢ ስዊችብሌድ አይደለም አለ። እሰየው! ነጋዴው ዳነ። ገዢውስ? ገዢው የሚኖረው በስቴቱና በከተማው ሕግ ሥር ነው። እነሱ ደግሞ ለየራሳቸው መዝገበ ቃላት አላቸው።

ባልቲሞር ሩቅ አይደለችም፤ ብዙዎቻችን እዚያ ዘመድ አለን። ኤፕሪል 12 ቀን 2015 ፍሬዲ ግሬይ የሚባል የ25 ዓመት ጥቁር ወጣት ፖሊስ አይቶ ሮጠ፤ አሳደው ያዙት። የክሱ ወረቀት ላይ የሰፈረው ወንጀል ምን ነበር? በሱሪ ኪሱ ውስጥ በክሊፕ የተንጠለጠለ፣ በሞላ እየታገዘ በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ! አዎ፣ ያ ወጣት ባልደረባዬ ግዛልኝ ያለኝ ዓይነት። ፍሬዲ ግሬይ በፖሊስ መኪና ከተጫነ በኋላ አከርካሪው ተጎድቶ ኤፕሪል 19 ሞተ። ከተማዋ ነደደች። ሜይ 1 ቀን ዐቃቤ ሕጓ ማሪሊን ሞስቢ ወጥተው «ሰንጢው ስዊችብሌድ አይደለም፤ በሜሪላንድ ሕግ የተፈቀደ ነው» አሉ። ፖሊሶቹ በበኩላቸው «የስቴቱን ተዉት፣ የከተማው ደንብ ሞላ ያለውን ይከለክላል» ብለው ተከራከሩ። ስድስት ፖሊሶች ተከሰሱ። ሦስቱ በነፃ ተለቀቁ፤ የቀሪዎቹ ክስ በጁላይ 2016 ተቋረጠ። ከተማዋ ለቤተሰቡ 6.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች።

ልብ በሉ! የሕግ ትምህርት ቤት የጨረሱ ሰዎች፣ ዐቃቤ ሕግና የፖሊስ ጠበቃ፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰንጢ አስቀምጠው ምን እንደሆነ መስማማት አቃታቸው። እኔና አንተ መንገድ ዳር ቆመን፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ለታጠቀ ሰው «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ መጀመሪያ በጣት ነው የሚገፋው» ብለን ልናስረዳ ነው?

ኒውዮርክም እንዲሁ ነበረች። እዚያ «ግራቪቲ ናይፍ» የሚባል የ1950ዎቹ ሕግ ነበር። ፖሊሱ የያዘብህን ሰንጢ በእጁ አንጓ ወርወር ያደርገዋል፤ ስለቱ ከወጣ ወንጀለኛ ነህ። አንዱ ፖሊስ አራቴ ሞክሮ ያቃተው ሌላው ጉልበተኛ በአንዴ ይከፍተዋል። ሰንጢው ግን በየዕቃ መደብሩ በግላጭ ይሸጥ ነበር! በ2010 የማንሃተን ዐቃቤ ሕግ የሚሸጡትን ትልልቅ መደብሮች ጠራና ገንዘብ አስከፍሎ አሰናበታቸው። ገዝቶ በኪሱ የያዘው አናጺና ዕቃ ጫኝ ግን እጁ በካቴና ታሰረ። ከሚያዙት አብዛኞቹ ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች መሆናቸውን የሕግ ርዳታ ጠበቆች ለዓመታት ጮኸውበታል። ሕጉ የተሻረው በሜይ 2019 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የኒውዮርክ ከተማ ርዝመቱ 4 ኢንች የሞላ ስለት በአደባባይ መያዝን ይከለክላል፤ አጭሩም ቢሆን ከልብስ ውጭ መታየት የለበትም።

ለስደተኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዜግነት ስትጠይቅ የምትሞላው ኤን-400 የሚባለው ቅጽ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ብቻ ብሎ አያልፍም። ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ነው የሚለው። ክሱ ቢሰረዝም፣ ዳኛው «ሂድ ልጄ» ብሎ ቢያሰናብትህም ትጽፈዋለህ፤ ወረቀቱን ታቀርባለህ። ለሠላሳ ዶላር ሰንጢ የጠበቃ ገንዘብ ስትከፍል አስቡት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይሄኔ ነው፤ የቸኮልነውም እኮ ካርቶን ለመቅደድ ነው!

እንግዲህ ምክሬን ልናገር። ሞላው ምን ይጠቅማል? በአንድ እጅህ ሣጥን ይዘህ በሌላው ስትከፍት ግማሽ ሰከንድ ታተርፋለህ፤ ጓንት ካደረግህ ደግሞ ይመቻል። አለቀ። ሞላ የሌለውም ቢሆን ማጠፊያው በደንብ ከለሰለሰ በአውራ ጣት ይከፈታል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ለሚኖር ጥቁር ስደተኛ ሞላ የሌለውን እመርጣለሁ። ፈሪ በሉኝ።

ለመጋዘን ሥራ ከሆነማ በጥቂት ዶላር የሚገኘው ምላጩ የሚቀየር ካርቶን መቅደጃ ከሁሉም ይበልጣል። ማንም ፖሊስ ሲያየው «ሠራተኛ ነው» ይላል። ለፍራፍሬው፣ ለገመዱ፣ ለላስቲኩ ደግሞ የፈረንሳዩ ኦፒኔል አለ። የእንጨት እጀታ፣ የሚሽከረከር የቀለበት መቆለፊያ፤ ከ1890 ጀምሮ የገበሬ ሰንጢ ነው። ቁጥር 6 የሚባለው ስለቱ 7 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሦስት ኢንች አይሞላም። ሲያዩት የሽማግሌ ዕቃ ይመስላል። እኔ የምወድለትም ይሄንኑ ነው።

«የለም ጋሼ፣ እኔ ባለሞላውን ነው የምፈልገው» የሚል ካለ ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ቢያንስ ዓይኑን ከፍቶ ይግዛ። በዚህ ዓይነት ስሙ የገነነው የኦሪገኑ ከርሾ ነው፤ ባለቤቱ ካይ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ሞላውን «ስፒድሴፍ» ይሉታል። ርካሾቹ ቻይና የሚሠሩ ሲሆኑ ብዙዎቹ ስለታቸው 8ሲአር13 ከሚባል ብረት ነው። ብረቱ ቶሎ ይዶለዱማል፣ ግን ቶሎ ይሳላል፤ ሞረድ ለያዘ ሰው ችግር የለውም። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው «ሊክ» የተባለው ባለ 3 ኢንቹ ዋጋው ከፍ ይላል። ብረቱም የስዊድኑ 14ሲ28ኤን ነው፤ ዝገት አይደፍረውም። ጫፉ ላይ ደግሞ ኪስ ውስጥ እንዳይከፈት የምትይዝ ትንሽ መቀርቀሪያ አለችው። ይቺን መቀርቀሪያ አትናቋት። ሞላ ያለው ነገር ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ሲንጋጋ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም፤ የሚቀመጠውም የት አጠገብ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

መግዛት ላይ ስትደርስ የስለቱን ጀርባ በመዳፍህ ጫን ጫን አድርገህ መቆለፊያው ሲሸሽ ወይም ሲንሸራተት እይ። ከሸሸ አትግዛ፤ ጣትህን የሚበላው እሱ ነው። ስለቱን ወዲያና ወዲህ ነቅንቀው። ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ የራስ ቅል የተሳለበት፣ «ታክቲካል» የተጻፈበት ሰንጢ ጥሩ ብረት ቢሆንም ተወው። አንድ ቀን ዳኛ ፊት በላስቲክ ከረጢት ተደርጎ ሊቀርብ ይችላል፤ ያን ጊዜ የራስ ቅሉ ስለ አንተ ምን ብሎ ይመሰክራል? ክሊፑንም ንቀለው። የፍሬዲ ግሬይን ሰንጢ ያሳየው ክሊፑ ነበር።

«ታዲያ በነፃ አገር እንዲህ ተሳቅቀን ልንኖር ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ያናድዳል። ገበሬው ልጅ ስለቱን በየቀበቶው ሰክቶ ሲዞር የሚጠይቀው የለም፤ የከተማው ጥቁር ልጅ ለዚያው ዕቃ መሬት ላይ ይደፋል። ሕጉ የማይነበበው ለፖሊሱ እንዲመች ነው ብዬ አምናለሁ። አገር ቤትም «ሰንጢ» ሲባል ዕቃው ሳይሆን ዱርዬው ነበር የሚታየን፤ በየበሩ ያለ ፈታሽ ጥፍር መቁረጫ ሲቀማን ኖሯል። ይሄ ክርክር ግን በከተማው ምክር ቤትና በፍርድ ቤት የሚደረግ ነው፤ በሌሊት፣ አስፋልት ላይ፣ ኪስህን ሲዳብሱህ የሚደረግ አይደለም።

ፖሊስ ካቆመህ ሰንጢውን ላሳይ ብለህ እጅህን ወደ ኪስህ እንዳትሰድ። እጅህን እንዲታይ አድርገህ ኪሴ ውስጥ የሥራ ሰንጢ አለ በለው፤ ያውጣው ራሱ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ «ለምን ያዝከው?» ቢልህ «ራሴን ልከላከልበት» የምትል ቃል ከአፍህ አትውጣ። ካርቶን ልቀድበት ነው፤ እውነቱም ይሄው ነው። ለአሻራና ለቃለ መጠይቅ ኢሚግሬሽን ስትጠራ ደግሞ እቤት ተወው። የፌዴራል ሕንፃ ሕጉ ከ2.5 ኢንች በታች የሆነውን የኪስ ሰንጢ ከአደገኛ መሣሪያ ባይቆጥረውም፣ በሩ ላይ ከሚፈትሽህ ዘበኛ ጋር ስለ ኢንች ስትከራከር ተራህ ያልፋል።