ፍሬ ጽዮንን ባሕር ዳር ላይ አሳዩን

ጆአኪን ሶሮያ የሚባል የስፔን ሠዓሊ ነበር። የሚሥለው ባጭሩ የባሕር ዳርቻ ብርሃን ነው፦ እርጥብ አሸዋ፣ ነፋስ የሞላው የጀልባ ሸራ፣ ውኃ ውስጥ የሚንቦጫረቁ ልጆች። በ1923 ነው ያረፈው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መቶኛ ዓመቱ በ2023 ሲደርስ ስፔን ኤግዚቢሽን በኤግዚቢሽን ሆነች። ማድሪድ የኖረበት ቤት ሙዚየም ነው። በተወለደባት ቫሌንሲያ ደግሞ ፈጣኑ ባቡር የሚቆምበት ጣቢያ በስሙ ይጠራል።

ስለዚህ ሰውዬ ባነበብኩ ቁጥር ቅናት ይይዘኛል። የውኃ ዳር ሠዓሊ እኮ እኛም አለን! ያውም ከሶሮያ አራት መቶ ምናምን ዓመት የሚቀድም። ስሙ ፍሬ ጽዮን ነው። እስቲ ጎግል ሳታደርጉ መልሱ፤ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ?

ፍሬ ጽዮን በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የኖረ መነኩሴ ሠዓሊ ነው። ጣና መሐል ባለችው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም አንድ ትልቅ የእንጨት ገበታ ላይ እመቤታችንን ከልጇ ጋር፣ ሚካኤልንና ገብርኤልን በግራና በቀኝ አድርጎ ሥሏል። ትልቁ ነገር ግን ስሙን መጻፉ ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎቻችን አብዛኞቹ ስም የላቸውም፤ ሥራቸው አለ፣ እነሱ የሉም። ፍሬ ጽዮን ስሙንና የንጉሡን ዘመን ስለጻፈ ተመራማሪዎች ያንን አንድ ሥዕል እንደ ናሙና ይዘው ሌሎች ሥራዎቹንና የተከታዮቹን እጅ መለየት ቻሉ። ማሪሊን ሄልድማን የተባሉ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ በ1994 ስለ እሱ የማርያም ሥዕሎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ አውጥተዋል። በእንግሊዝኛ ነው፤ የመጽሐፉን ዋጋ አልነግራችሁም፣ ትደነግጣላችሁ።

እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ አንድ ነገር ይበልጥ ይስበኛል፤ ይሄ ሰውዬ ሥራ ከየት አገኘ? መልሱ ያለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው) የእመቤታችንን ክብር የመንግሥት ፖሊሲ አደረገው ማለት ይቻላል። ከ30 በላይ የማርያም በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዘ። በዓል ሲበዛ ሥዕል የሚፈልግ ቤተ ክርስቲያን ይበዛል። በእኛ ቋንቋ የፍላጎት ኩርባው ወደ ቀኝ ዞረ። የገበታ ሥዕል ጎልቶ የወጣውም በዚሁ ዘመን ነው። ያው ሁሉም በውዴታ አልነበረም፤ ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ (ከዳጋ እስጢፋኖስ ጋር እንዳታምታቷቸው) ክፉኛ ተሳደዋል። ያንን የመሰለ ውብ ሥዕልና ያ መከራ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ ሰው ሁለቱንም ቢነግረን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ሶሮያ ባሕሩን ራሱን ሣለ። ፍሬ ጽዮን ግን ሐይቅ አልሣለም፤ ታንኳ የለም፣ ደንገል የለም። «የጣና ብርሃን ሠዓሊ» ብዬ ብጠራው ታዲያ ማጋነን አይሆንም? ትንሽ ይሆናል። ግን ሥዕሉን ስታዩ መሬት ላይ የወደቀ ጥላ ፈልጉ። አታገኙም። በዚያው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ እነ ያን ቫን አይክ ብርሃንን በአንድ በኩል ባለ መስኮት አስገብተው ጥላውን በሌላው በኩል ይጥሉ ነበር። እዚህ ግን ብርሃኑ ከየትም አይመጣም፤ ፊቱ ላይ አለ፣ አለቀ። ይሄ የእምነቱ ቋንቋ መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም እኩለ ቀን ላይ ጣና መሐል ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው የምለውን ያውቃል። ብርሃን ከላይም ከሥርም ይመጣል፤ ውኃው ራሱ መብራት ይሆንና አገጫችሁ ሥር እንኳን ጥላ አይተርፍም። ያንን ሥዕል ከዚያ ውኃ ለይቼ ማሰብ አልችልም።

ችግሩ ማን ያየዋል የሚለው ነው። ዳጋ ለመድረስ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሰዓታት ይፈጃል፤ ጀልባ ደግሞ ተኮናትሮ ነው የሚኬደው። ተማሪ ከየት አምጥቶ? ይሄ ለወንዱ ነው። ሴት ከሆንሽ ገንዘቡም ቢኖርሽ ዳጋ አትገቢም፤ የገዳሙ ሥርዓት አይፈቅድም። ክብራን ገብርኤልም እንደዚያው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ማየት ይቻላል፤ እነሱ ድንቅ ናቸው፣ ግን ሥዕሎቻቸው የመጡት ከፍሬ ጽዮን በጣም ዘግይተው ነው። ስለዚህ የከተማችን ግማሽ ሕዝብ የሐይቁን ታላቅ ሠዓሊ ዋና ሥራ በአካል የማየት ዕድሉ ዜሮ ነው። የሌላው ግማሽ ዕድልም ከዜሮ ብዙም አይርቅም።

በሌላ በኩል አሜሪካ፣ ባልቲሞር ያለው የዋልተርስ ሙዚየም በ1993 «አፍሪካን ዛየን» የሚል ትልቅ የኢትዮጵያ ቅዱሳት ሥዕላት ኤግዚቢሽን ከፈተ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2023 መጨረሻ፣ ሌላ ትልቅ ኤግዚቢሽን ደገመ። ባልቲሞሮች ሁለት ጊዜ ዐዩ። ጎበዝ ናቸው፣ አልከፋኝም። ግን እኛስ?

እኔ የምለው ሥዕሉ ከዳጋ ይውጣ አይደለም። በፍጹም። አባቶች «ይሄ የሚጸለይበት እንጂ የሚታይ ዕቃ አይደለም» ቢሉ ልክ ናቸው፤ እርጥበት፣ የጀልባ ጉዞና ስርቆት ሲታሰብ ደግሞ ድርብ ልክ ናቸው። ግን ፈረንሳዮች በ1963 የላስኮን ዋሻ ሥዕል ለመጠበቅ ዋሻውን ዘግተው፣ በ1983 ከፊል ግልባጩን እዚያው አጠገብ ከፈቱ። ሰዉ ግልባጭ መሆኑን እያወቀ ይጎርፋል። እኛም ከገዳሙ ጋር ተስማምተን በትክክለኛ መብራትና ካሜራ፣ በሥዕሉ ሙሉ መጠን ግልባጭ እናሠራ። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አዳራሽ አለው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ጥሩ የጥንት ሥዕሎች ስብስብ አለው፤ የፍሬ ጽዮንን መንገድ የሚያሳዩትን መርጦ ለጥቂት ወር ቢያውሰን ምን ይጎድልበታል? ተከታዮቹ ከጎኑ ይሰቀሉ፣ የዘመኑ ታሪክ ይጻፍ፣ በአማርኛ! ፎቶውም ስልክ ላይ ይጫን፤ የመልአኩን ክንፍ ላባ በላባ በጣታችን ዙም እያደረግን እንይ።

ሥዕል ማየት እንደ ዳቦ አይደለም፤ እኔ ስላየሁት ላንቺ አያልቅም። ውዱ የመጀመሪያው ፎቶ ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ሺህ ሰው ቢያየው ተጨማሪው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከኮሮና ወዲህ፣ ከዚያም በጦርነቱና በግጭቱ፣ ጎብኚ ቀንሶ ጀልባ የሚነዱት ልጆች ሥራ ፈተዋል። ኤግዚቢሽን ያንን አይፈታም፤ ሰላም የሚፈታውን ሌላ ነገር አይፈታውም። ግን ይሄ ፈረንጅ እስኪመለስ የሚጠበቅበት ሥራ አይደለም። ተመልካቹ እዚሁ ነው፤ ከፔዳ እስከ ቀበሌ 14 ታክሲ ውስጥ ስልኩን ስክሮል እያደረገ ነው።

ልንከራከርበት የሚገባው የቲኬቱ ዋጋ ነው። የእኔ ሐሳብ፦ ተማሪ በነፃ ይግባ፣ ሠራተኛ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ይክፈል፣ ከገቢው ላይ ማንም ሳይነካው በፊት የመጀመሪያው ድርሻ ለዳጋ ገዳም ይሂድ። ለጣሪያው፣ ለእርጥበቱ፣ ሥዕሉን ይሄን ሁሉ ዓመት ጠብቀው ላቆዩት መነኮሳት።