ምልክቱን ስንፈታ ሜሪን ረሳናት

“ሳይለንት ሂል 2” የተባለውን አስፈሪ ቪዲዮ ጌም የተጫወቱ ልጆች ሲገናኙ ወሬው ያው ነው። ራሱ እንደ ፒራሚድ የሾለው ጭራቅ የምን ምልክት ነው? የነርሶቹስ ፊት ለምን አይለይም? ጭጋጉስ? ጌሙ በጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣ ጀምሮ ፍቺው አላለቀም፤ በ2024 የፖላንዱ ብሉበር ቲም እንደ አዲስ ሲሠራው ደግሞ ጭራሽ ባሰ! እኔ ግን በዚህ ሁሉ ፍቺ መሀል አንድ ሰው የጠፋ ይመስለኛል።

ላልተጫወታችሁት ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው (መጨረሻውን ስለምናገር ልትጫወቱት ያሰባችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል)። ጄምስ ሚስቱ ሜሪ ከሦስት ዓመት በፊት በሕመም እንደሞተችበት ያምናል። አንድ ቀን በእሷ ስም ደብዳቤ ይደርሰውና ሊፈልጋት ሳይለንት ሂል ወደተባለችው ከተማ ይሄዳል። ከተማዋ ጭጋግና ጭራቅ ናት። መጨረሻ ላይ ሆቴሉ ውስጥ፣ ክፍል 312፣ አንድ የቪዲዮ ካሴት ሲያይ ነገሩ ይወጣል። ሜሪን የገደላት በሽታው አይደለም፤ ጄምስ ራሱ በትራስ አፍኖ ነው።

የተለመደው ፍቺ ጭራቆቹ የጄምስ ጸጸትና የታፈነ ስሜት ናቸው ይላል። ልክ ነው። ግን ምኑ ነው ድብቅ የሚባለው? ፒራሚድ ራሱን የፈለገው የሚቀጣው አጥቶ እንደሆነ ጄምስ በራሱ አፍ ይናገራል እኮ!

ጭጋጉንም ውሰዱ። በ1999 በወጣው የመጀመሪያው ጌም ጭጋጉ የበዛው የያኔው ፕሌይስቴሽን ሩቁን ሁሉ መሳል ስለማይችል ነው። ይህን ሲሰሙ “እንግዲያው ትርጉም የለውም” የሚሉ አሉ። አልስማማም። ባለቅኔ ቃሉን ቤት እንዲመታለት ብሎ ቢመርጠውም ወርቁ ወርቅ ነው። ብቻ በእኛ ቅኔም ቢሆን ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቅ የለም። የዚህ ጌም ሰም ደግሞ አንዲት የታመመች፣ የተገደለች ሴት ናት።

ምን መሰላችሁ፣ የጄምስን “ሦስት ዓመት” የሚያፈርሰው ምልክት አይደለም። ሎራ የምትባል ትንሽ ልጅ ናት። ሆስፒታል ሳለች ሜሪ የጻፈችላትን ደብዳቤ ይዛለች፤ ደብዳቤው ስምንተኛ ዓመቷን “እንኳን አደረሰሽ” ይላል። ልጅቷ ስምንት የሞላት ደግሞ ባለፈው ሳምንት ነው። አለቀ! ታዲያ ሜሪ እንዴት ሆና ከሦስት ዓመት በፊት ትሞታለች? ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከፒራሚድ ራስ ይልቅ ይህ ሊያስደነግጠን ይገባል፤ የልደት ቀን ብቻ ቆጥሮ ውሸት ማፍረስ።

እንደ እኔ እንደ እኔ ሁሉን ነገር የጄምስ አእምሮ ሥዕል ካደረግነው ግድያውም “ሥቃዩ” ይሆንና ለገዳዩ ስናለቅስ እናመሻለን። ሜሪ ግን ሥዕል አይደለችም። መጨረሻ ላይ ደብዳቤዋ በራሷ ድምፅ ሲነበብ ምንም እንቆቅልሽ የለውም። መቆጣቷን ታምናለች፣ ስላደረገችበት ነገር ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ባሏን ለራስህ ኑር ትለዋለች።

ጌሙም ዝም ብሎ አይደለም የሚያየን። አንጄላ የተባለችውን ልጅ ቢላዋ ደጋግሞ የሚያይ፣ ቁስሉንም የማያክም ተጫዋች ጄምስ ሕይወቱን ወደሚያጠፋበት ፍጻሜ ያዘነብላል። ጄምስ ከተማዋን ለቆ ወደሚወጣበት ፍጻሜ ከሚያደርሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ የሜሪን ፎቶና ደብዳቤ እያወጡ ማየት ነው። ያንን ማንም አያዛችሁም፤ ጌሙ ግን ይቆጥራል።