ንቅሳቱ ነው የሰፋው?

የዛሬው ጠያቂዬ አዲስ አበባ የሚሠራ የላስታ ልጅ ነው። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላቅርበው፦

«እናቴ የምትኖረው ላሊበላ አጠገብ ገጠር ነው። እንደ እኩዮቿ ድዷን የተነቀሰችው በልጅነቷ ነው። ለገና ስሄድ ከላይኛው ድዷ አልፎ ላንቃዋ ላይ የወጣ ጥቁር ነገር አየሁ። አምና አልነበረም። አያማትም። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ንቅሳቱ ነው የሰፋው› ይላል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ በልጅነት የተነቀሱት ድድ ከስንት ዘመን በኋላ ተነስቶ ላንቃ ላይ አይወጣም። ጥቁር ድድማ የብዙዎቻችን ተፈጥሮ ነው፤ እሱ ግን ግራና ቀኙ ተመሳስሎ ባለበት ይኖራል። የሚያሰጋኝ አዲስ የመጣው፣ ጠርዙ የተዛነፈው፣ እያበጠ ወይም እየደማ የሚሄደው ነው። ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር ቆዳ ላይ ብቻ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አፍ ውስጥ በጣም ብርቅ ነው፤ ከወጣ ግን የሚያዘወትረው ላንቃንና የላይኛውን ድድ ነው። መጀመሪያ ላይ አለማመሙ ነው ጉዱ!

እናትህ ካንሰር አለባቸው አላልኩም። ሲጋራም፣ አንዳንድ መድኃኒትም፣ ከጥርስ ሙሌት የገባ ብረትም አፍን ያጠቁራል። መልኩ ወደ ወይን ጠጅ ካደላ ደግሞ ካፖሲ ሳርኮማ ሊሆን ስለሚችል የኤች አይ ቪ ምርመራ ይጨመራል። ይህን ሁሉ በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። ቦታው በመርፌ ይደነዝዝና ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ባዮፕሲ ይሉታል። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን ወሬ እኔም እሰማዋለሁ። ዕድሜ የሚያሳጥረው መዘግየቱ እንጂ ናሙናው አይደለም።

ላሊበላ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ ጀምሩ። ለምርመራው ብቻ ከሆነ እኮ መንገድ የሚሄደው ሥጋው ነው፣ እናትህ አይደሉም። በፎርማሊን ተነክሮ የፓቶሎጂ ሐኪም ወዳለበት፣ ለምሳሌ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ጥቁር አንበሳ ይላካል። ፎርማሊኑ የሥጋውን 10 እጥፍ ያህል ይሁን፤ አረቄ አይተካውም! በመላኪያው ወረቀት ላይ «ድዳቸው ንቅሳት አለበት» ተብሎ ይጻፍ፤ የንቅሳት ቀለምም በማይክሮስኮፕ ጥቁር ሆኖ ይታያልና። ናሙና የሚወስድ ከጠፋ አንተው ዘንድ አምጣቸው።

ሌሎቻችሁም ስሙኝ። ላንቃ ላይ የማያም ጠንካራ እብጠት ከጥቃቅኖቹ የምራቅ ዕጢዎች የተነሳ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ያለ ምክንያት የደነዘዘ ከንፈር፣ ድዱ ጤነኛ ሆኖ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ከ2 ሳምንት በላይ አልድን ያለ ቁስልም ይታይ። ጥርሱን ነቅሎ መገላገል የለም፤ የተነቀለበት ጉድጓድ አልሽር ካለ በተለይ ተመለሱ።

እናትህ ጸበል ልሂድ ካሉ አትከልክላቸው። ናሙናውን ይስጡና ውጤቱ እስኪመጣ ይጠመቁ። የሚተኮስና የሚቀባ ነገር ግን ቦታውን እንዳይነካው። ውጤቱን ጻፍልኝ።