ገመድ አልባ ማውስ ለትምህርት ቤት ይበጃልን?

አንድ መሣሪያ አዲስ ስለ ሆነ ብቻ ከቀድሞው ይሻላል ብሎ መፍረድ አይገባም፤ የሚያገለግለው የትና ማንን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ገመድ አልባ ማውስ የለመደ ተማሪ ባለ ገመዱን እንደ ኋላ ቀር ዕቃ ሲቆጥረው ይታያል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙዎች ለሚገለገሉበት የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ባለ ገመዱ ይመረጣል እላለሁ። ምክንያቱ እንዲገባችሁ ገመድ አልባው ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝበትን መንገድ እንመልከት።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳግላስ ኤንግልባርት ያቀደውና ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው የመጀመሪያው ማውስ አካሉ ከእንጨት ነበር። ማውስ በእንግሊዝኛ አይጥ ማለት ነው፤ ስሙም የወጣለት ገመዱ ጭራ ስለሚመስል ነው ይባላል። ያ ጭራ ኃይልም ያደርሳል፣ መልእክትም ያመላልሳል። ጭራው ሲቀር ኃይሉን ባትሪ ድንጋይ፣ መልእክቱን ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ተረከቡ።

ገመድ አልባ ማውስ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከራሱ ምልክት ተቀባይ ጋር ይሸጣል። ተቀባዩ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ስትሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በማውሱ ሆድ ከባትሪው አጠገብ ተሸጉጣ ትገኛለች። እርሷን አውጥቶ በዩ.ኤስ.ቢ. መሰኪያ ላይ መሰካትና ከማውሱ ሥር ያለውን ማብሪያ መክፈት ብቻ ይበቃል፤ ሁለቱ ገና ከፋብሪካ ተዋውቀው የወጡ ናቸውና። ሁለተኛው በብሉቱዝ የሚሠራ ነው። ይኸኛው ኮምፒዩተሩ ራሱ ብሉቱዝ ካለው ተቀባይ አይሻም፤ ነገር ግን የማገናኛ ቁልፉን መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ተጭኖ መያዝ፣ ቀጥሎም በኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ውስጥ ብሉቱዝን ከፍቶ አዲስ መሣሪያ መጨመርን መምረጥ፣ ከሚዘረዘሩትም ስሞች የማውሱን ለይቶ መጫን ይጠይቃል። እነሆ፣ ማውስ ለማገናኘት ማውስ ያስፈልጋል! ሌላ ማውስ ያልያዘ ሰው በኪቦርዱ ላይ ታብን፣ የቀስት ቁልፎቹንና ኢንተርን እየተጫነ ከዚያው ሊደርስ ይችላል፤ ይህን የሚሞክር ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ እነዚህ ማውሶች በአንድ ክፍል በርካታ ጠረጴዛዎች ላይ ተደርድረው፣ በየክፍለ ጊዜው ተማሪዎች ይፈራረቁባቸዋል እንበል። ያቺ ቁራጭ ከኪስ ጋር ትሄዳለች፣ ከጥራጊ ጋር ትወጣለች። አንዳንድ አምራቾች ለበርካታ ማውሶች የምታገለግል ተቀባይ ቢሠሩም፣ ብዙዎቹ ተቀባዮች ከራሳቸው ማውስ በቀር ሌላውን አያውቁም፤ ስለዚህ አንዷ ስትጠፋ ደኅናው ማውስ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ተቀባዮቹ የተለዋወጡ እንደ ሆነ ደግሞ የእናንተ እጅ ሲንቀሳቀስ የጎረቤታችሁ ቀስት በስክሪኑ ላይ ይሮጣል። በዚያ ላይ ባትሪው በፈተና መካከል ሊያልቅ ይችላል። ማውሱ የሚጠቀምበት 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድም ቢሆን፣ ተቀባዩ ከኮምፒዩተሩ የብረት አካል በስተኋላ ሲሰካ ወይም አጠገቡ ፈጣን የዩ.ኤስ.ቢ. ዲስክ ሲሠራ ይታወካል። ይህን የማያውቅ ሰው ማውሱ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

ገመድስ አይቆረጥምን? ይቆረጣል። ሆኖም የገመድ ጉዳት ብዙ ጊዜ በዓይን ይታያል፤ ባለ ገመድ ማውስም ከነገመዱ ካልሆነ በቀር ተከፋፍሎ አይጠፋም። ላፕቶፑን ይዞ ለሚዘዋወር ሰው፣ ወይም ከግድግዳ ላይ ሥዕል እያሳየ በክፍሉ ውስጥ ለሚመላለስ መምህር ገመድ አልባው ምቹ መሆኑን አልክድም። የእኔ ክርክር የግል ንብረት ያልሆነውን፣ ብዙ እጅ የሚነካውን በሚመለከት ነው።

ትምህርት ቤታችሁ ገመድ አልባውን ገዝቶ ከሆነ በማውሱና በተቀባዩ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፍ። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃም ማብሪያው ይዘጋ፣ ተቀባዩም ወደ ማውሱ ሆድ ይመለስ። ቁጥሩ ያልገጠመ እንደ ሆነ ፍለጋው የሚጀመረው ተማሪዎች ከክፍሉ ሳይወጡ ነው።