ከሥርጭት በኋላ የተረፈውስ?

የመኸር ወቅት ሪፖርት ሲቀመር ስንት ኩንታል ዩሪያ እንደገባ፣ ስንት ሊትር ፀረ-ተባይ ኬሚካል እንደተሠራጨ በቁጥር ይቀመጣል። ተሠራጭቶ ያልተረጨው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ግማሽ ድረስ የቀረው ግን በሪፖርቱ ቦታ የለውም። አደገኛ ግብዓት ለአርሶ አደር ማደል ብቻውን ምን እንደሚያስከትል ለማየት የአሜሪካ ገበሬዎች ከትርፍ ባሩድ ጋር ያሳለፉትን ታሪክ መመልከት ይበቃል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1918 ሲያበቃ በአሜሪካ መንግሥት እጅ እጅግ ብዙ ፈንጂና ጭስ አልባ ባሩድ ተረፈ። ማስወገዱ ወጪ፣ ማቆየቱም አደጋ ነበር። የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ታዲያ ትርፉን ለገበሬው ማዋል የሚል መላ አመጣ። ደን ተመንጥሮ ጉቶው በቀረበት መሬት ማረሻ አይሄድም፤ ውኃ የሚተኛበት ማሳም ማጠንፈፊያ ቦይ ይፈልጋል። በ1920ዎቹ አጋማሽ ከተረፈው ባሩድ “ፓይሮቶል” የሚባል ማፈንጃ ተሠርቶ ገበሬው በአነስተኛ ዋጋ፣ በዋናነት የማዘጋጃውንና የማጓጓዣውን ወጪ ብቻ እየሸፈነ ይወስድ ጀመር። የግብርና ባለሙያዎችም ጉቶ እንዴት እንደሚነቀል፣ ቦይ እንዴት እንደሚከፈት ማሳ ላይ እየወጡ አሳዩ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ለጦር ሜዳ የተሠራ ነገር መሬት አቅንቷል። ችግሩ ፈንጂ በገበሬ ቤት መገኘቱ እንደ ዶማና አካፋ የተለመደ ነገር ሆኖ መቅረቱ ነው። በሚሺጋን ግዛት ባዝ በምትባል የገጠር ከተማ የሚኖር አንድ ገበሬ ከአንድ ቶን በላይ ፓይሮቶል ገዛ፤ ዲናሚትም ጨመረበት። ለእርሻ ነው ተብሎ ስለታሰበ የጠረጠረው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 1927 የከተማዋን ትምህርት ቤት አፈነዳው። 38 ተማሪዎች ሞቱ፤ አዋቂዎቹና ገዳዩ ራሱ ሲጨመሩ የሟቾቹ ቁጥር 45 ደረሰ። ጥፋቱ የሰውዬው ክፋት ነው። ያን ያህል ፈንጂ በአንድ ሰው ቤት ሲከማች ምን ላይ ዋለ፣ ስንት ቀረ ብሎ አለመጠየቅ ግን የአሠራር ጉድለት ነው።

በአሜሪካ ዛሬም ትርፍ ባሩድ በየቤቱ አለ፤ መጠኑ ብቻ አነሰ። ብዙ አዳኞች የተተኮሰ ቀልሃ መልሰው በባሩድ ይሞላሉ። የጠመንጃው ዓይነት ሲቀየር ወይም ባለቤቱ አደን ሲተው ግማሽ ቆርቆሮ ባሩድ ይተርፋል። ለእርሳስ በታኝ የአደን ጠመንጃ የሚሆነው ባሩድ በአብዛኛው ፈጥኖ የሚነድ ነው፤ በተሳሳተ ጥይት ውስጥ ከገባ ጠመንጃውን ተኳሹ ፊት ላይ ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ደኅንነቱ የተጠበቀው መንገድ ጠባብ ነው። አምራቹ በመጠን ሠንጠረዡ ለፈቀደው ጥይት ብቻ ማዋል፣ ከሌላ ባሩድ ጋር አለመቀላቀል፣ ከመጀመሪያው ዕቃው አለማውጣት። ስሙ የጠፋ ባሩድ ለምንም አይሆንም፤ መወገድ ብቻ ነው ያለበት።

አንዳንዶች ታዲያ ባሩድ ናይትሮጅን አለውና ጓሮ ላይ ቢበተን ማዳበሪያ ይሆናል ይላሉ። ናይትሮጅኑ እውነት ነው፤ የባሩዱ ዋና ንጥረ ነገር 13 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ይይዛል። ዩሪያ ግን 46 በመቶ ነው፤ ውኃ ውስጥም ይሟሟል። ባሩዱ ውኃ ስለማያሟሟው ለሰብል ቶሎ አይደርስም። በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ናይትሮግሊሰሪን ደግሞ ለሚልሰው እንስሳ መርዝ ነው። ጥቂት ናይትሮጅን ፍለጋ ላምን ለአደጋ ማጋለጥ ስሌቱ አይገባም።

በኢትዮጵያ አርሶ አደር ቤት ጥግ የሚቀመጠው ትርፍ ባሩድ ሳይሆን ፀረ-ተባይና የነቀዝ መድኃኒት ነው። አሠራሩ ግን ይመሳሰላል፤ ሥርጭቱ ባለቤት አለው፣ ትርፉ የለውም። አገሪቱ የዚህን ዋጋ ታውቀዋለች። ለዓመታት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ተሰብስቦ ከ1 ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው እንዲቃጠል እስከ ፊንላንድ ድረስ በመርከብ ተጭኗል። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል፤ አዋጁ ግን ራሱ ሄዶ የአርሶ አደሩን ጓዳ አይፈትሽም።

አርሶ አደሩ የሚረጨውን ያህል ብቻ ይግዛ። የተረፈውን ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይገልብጥ፤ ሕፃን ስያሜ አያነብም። ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ይጨምር፣ ዕቃውንም ይብሳው፤ ውኃ መቅጃ ወይም ዘይት መያዣ ከሆነ መርዙ ማዕድ ላይ መጣ ማለት ነው።

ከባዱ ሥራ የወረዳው ነው። ትርፉን አርሶ አደሩ ይመልስ ማለት ቀላል ነው፤ የት እንደሚመልሰው ካልተነገረው ወንዝ ውስጥ ይደፋዋል። ወረዳዎች በየቀበሌው የሚቆለፍ መረከቢያ ቦታና ኃላፊነቱን የሚወስድ ባለሙያ ይመድቡ፤ መልሶ ላመጣ ሰው ቅጣት ወይም ወቀሳ አይኑር። የሥርጭት ቅጹም ላይ “የተረፈ” የሚል አንድ ዓምድ ይጨመርና ከአጨዳ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ቤት ለቤት ይሙሉት።