ከወለሉ ስር

«ሁለት የፕላስቲክ ዕቃዎች በፖስታ መጡልኝ» አለችኝ ወዳጄ ሰሞኑን ስንደዋወል። የምትኖረው በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዎል፣ አንዲት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ነው።

«ምን የሚያደርጉ ናቸው?»

«በመዳፍ ይያዛሉ። ባትሪ የላቸው፣ መብራት የላቸው፣ ድምፅ የላቸው። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን መኝታ ቤት አድርጊና ሦስት ወር አትንኪያቸው ይላል ወረቀቱ። ለራዶን ነው አሉ። እኔማ ልመልሳቸው ነው። መስኮቴን ስከፍት የባሕሩ ነፋስ መጋረጃዬን ሊገነጥለው ይደርሳል፤ ከዚህ በላይ ንጹሕ አየር ከየት ይመጣል?»

«እንዳትመልሺያቸው» አልኳት። ነፋሱ ከባሕር ይመጣል፣ ራዶን ግን ከወለሉ ስር ነው። በኮርንዎል ምድር ብዙ ቦታ ላይ ግራናይት አለት አለ፤ በግራናይቱ ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም አለ። እሱ በዘመናት ብዛት እየፈረሰ መጀመሪያ ራዲየም፣ ኋላም ራዶን ይሆናል። ራዶን ጋዝ ስለሆነ በአለቱ ስንጥቅ ሾልኮ ይወጣል። ሜዳ ላይ ከወጣ ነፋስ ይበትነዋል። በብርዱ ወራት ቤቱን አሙቀሽ መስኮት ስትዘጊ ግን፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲነሳ ቤቱ ከስር የአፈሩን አየር ይስባል፦ በወለል ስንጥቅ፣ በቧንቧ ዙሪያ በቀረች ክፍተት። አይሸትሽም፣ አይታይሽም።

«ጎረቤቴ አስለክታ እኮ ትንሽ ነው ተብላለች። ግድግዳችን አንድ ነው!»

ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። የአንዱ ቤት ወለል ይሰነጠቃል፣ የሌላው አይሰነጠቅም፤ አንዱ ቤት ስር አየር ይናፈሳል፣ ሌላው ስር ይታፈናል። ስለዚህ ጎን ለጎን ባሉ ቤቶች ውጤቱ እጅግ ሊራራቅ ይችላል። ራዶን የሚለካው ቤክሬል በሚባል መለኪያ ነው፤ በብሪታንያ ቤቶች አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ 20 ቤክሬል ገደማ ነው፤ 200 ከደረሰ ቀንሱ ይባላል። ራዶን ከሲጋራ ቀጥሎ ዋናው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው፤ በዚያው አገር በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ሰው ይሞትበታል።

«ባልሽ ሲጋራውን አልተወም አይደል?» አልኳት።

ዝም አለች።

«ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ ይበረታል። እሱን አስቢልኝ።»

«እሺ፣ ይህቺ ዝም ያለች ፕላስቲክ ምን ትለካለች?»

እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ውስጧ ሌላ ስስ ፕላስቲክ አለ። ራዶን ሲፈርስ የሚተፋው የአልፋ ቅንጣት ሲመታው በዓይን የማይታይ ጠባሳ ይተውበታል። ቤተ ሙከራ ሲደርስ ኬሚካል ውስጥ ይነከራል፤ ጠባሳዎቹ ይሰፋሉ፤ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። በሳንባም ላይ የሚያርፈው ያው ቅንጣት ነው።

«ብዙ ከሆነስ? ቤቴን ልሽጥ?»

«ለምን ትሸጫለሽ? ወለሉ ስር ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈርና ቱቦ ይገባበታል፤ ማራገቢያ የአፈሩን አየር እየሳበ ውጭ ይጥለዋል። ብዙ ጊዜ የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው።»

ማታ ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጧል፤ የሳሎኑን ግን መስኮቱ ደፍ ላይ አድርጋዋለች። ደወልኩላት።

«ከመስኮቱ አንሺው፤ እዚያ የሚለካው ነፋሱን ነው።»

«የት ላድርገው ታዲያ?»

«ባልሽ ማታ ማታ የሚቀመጥበት ወንበር አጠገብ መደርደሪያ የለም?»

«አለ» አለችኝ፤ ስልኩን ሳትዘጋ ስትራመድ ሰማኋት።