ስለቱን ወድዶ ሠሪውን መናቅ

የሰው ልብ ከሚሳሳትባቸው ነገሮች አንዱ ፍሬውን ወድዶ ዛፉን መጥላት ነው። ማሩን እየላሰ ንቧን የሚረግም ሰው ሞኝ ይባላል፤ በእጅ የተሠራ ሰንጢ እየሰበሰበ የቀጥቃጩን እጅ የሚጸየፍ ሰው ግን በአገራችን እስከ ዛሬ ድረስ አስተዋይ ይባላል። ይህን የተሳሳተ ስም ከእርሱ መንጠቅ ተገቢ ስለ ሆነ ጥቂት ቃል እንናገራለን።

በእጅ የተሠራን ሰንጢ መውደድ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ለሚያስተውል ሰው ትምህርት አለበት። ቀጥ ያለ ካራ ስለትና እጀታ ካገኘ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ታጣፊው ሰንጢ ግን ስለቱና እጀታው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተስማምተው እንዲኖሩ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ስለቱ የሚዞርበት ችንካር ከላላ ስለቱ ይወላገዳል፤ ከጠበቀ ደግሞ አይከፈትም። ከጀርባው ያለው ሞላ ከደከመ ሰንጢው በገዛ ጌታው ጣት ላይ ይዘጋል፤ ከበረታ ጥፍር ይሰብራል። ብረቱ ግሎ በዘይት ሲነከር ይጠነክራል፤ እንዲሁ ቢተውት ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራልና እንደ ገና በቀዝቃዛ እሳት ያለዝቡታል። በዚህ ጊዜ የሠሪው ዐይን የብረቱ መልክ ወደ ገለባ፣ ከዚያም ወደ ነሐስ ሲለወጥ አይቶ ልኩን ያውቃል። ይህን ሁሉ የተረዳ ሰው ሰንጢውን ከፍቶ ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ የብረት ብቻ ሳይሆን የአንድ ሰው ትዕግሥት ድምፅ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ጥበብ የሚያከብሩ ብዙ ናቸው። በስዊድን ኤስኪልስቱና በምትባል ከተማ በ1650ዎቹ እ.ኤ.አ. ለብረት ሠሪዎች የተሠሩት ቤቶች ለከተማዋ ኑሮ መሠረት ሆኑ፤ ከተማዋም በሰንጢና በሌላም የብረት ሥራ ስሟ ተጠራ፤ ከእነዚያም ቤቶች የቀሩት ዛሬ በክብር ተጠብቀው ይጎበኛሉ። በጃፓን መንግሥት በ1876 እ.ኤ.አ. ሰይፍ መታጠቅን በከለከለ ጊዜ ብዙ ሰይፍ ሠሪዎች እጃቸውን ወደ ቢላዋ መለሱ። በአሜሪካም ቢላዋ ሠሪዎች በ1970 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ስመ ጥሩ ሠሪ ስሙን በስለቱ ላይ ይቀርጻል፤ ደንበኛውም ወረፋ ጠብቆ ለአንዲት ሰንጢ በሺህ የሚቈጠር ዶላር ይከፍላል። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በል። የሚከፈለው ዋጋ የብረቱ ብቻ አይደለም፤ በብረቱ ላይ የተቀረጸው ስም ዋጋ ነው።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ወደ አሰላ እንመለስ። የአርሲ ደጋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ኮምባይነር ሳይመጣ በፊት ያ ሁሉ አዝመራ የታረሰው ቀጥቃጭ በሠራው ማረሻ፣ የታጨደውም ቀጥቃጭ በሠራው ማጭድ ነበር። ኮርማው የሚታረድበት፣ ጠፍሩ የሚቈረጥበት፣ የፈረሱ ዕቃ የሚበጅበት ካራም ከዚያው ከወናፉና ከመስፉ አጠገብ የወጣ ነው። ይሁን እንጂ ቱምቱ የሚባለው ይህ ሠሪ ከጎረቤቶቹ ጋር በጋብቻ እንዳይቀላቀል ተደርጎ ኖረ። በሌላው የኢትዮጵያ ክፍልም ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ዐይኑ እንኳ እንደ መርዝ ተፈራ።

ዛሬ የሚያሳዝነው የሰብሳቢው ነገር ነው። ከባሕር ማዶ ያመጣውን ሰንጢ በከፋይ ጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥን ያኖረዋል። የሠሪውን ስም፣ የሚኖርበትን ከተማ፣ የእጀታውን እንጨት ዐይነት በቃሉ ይናገራል። የሠሪውን እጅ ቢጨብጥ ታላቅ ክብር ይመስለዋል። ይኸው ሰው በገበያ ቀን ካራ የሚሸጠውን የአገሩን ቀጥቃጭ ስሙን አይጠይቀውም፤ በጥቂት ብር ይከራከረዋል፤ ልጁ የቀጥቃጭ ልጅ ላግባ ቢለው ደግሞ ቤቱን ያናውጣል። እንግዲህ ይህ ሰው የሚወደው ምኑን ነው? የእጅ ሥራን ነው እንዳንል በእጅ የሚሠራውን ይንቃል። ብረቱን ነው እንዳንል ብረቱ አንድ ነው። የሚወደው ርቀትን ነው፤ ሠሪው ሩቅ ከሆነ ባለጥበብ፣ ቅርብ ከሆነ ቡዳ ይለዋልና።

ይህን ስንል የሚመጣውን መልስ እናውቀዋለን። አንደኛው፣ «የእኛ ቀጥቃጭ ሥራው ሻካራ ነው፤ ሰንጢማ ከየት አምጥቶ ይሠራል?» የሚል ነው። ማን አዝዞት ያውቃል? ከአሮጌ መኪና የወለቀ ባሌስትራ ገዝቶ፣ ወናፉን በእጁ እየነፋ፣ በአንድ ሞረድ የሚሠራ ሰው፣ ገዢው በዋጋ ጨቁኖት እያለ፣ ለአንዲት ሞላ ሦስት ቀን ሊደክም ይችላልን? ረቂቅ ሥራ የሚወለደው ከሠሪው እጅ ብቻ አይደለም፤ አዝዞ ከሚጠብቅና ሳያጉረመርም ከሚከፍል ደንበኛም ነው። የአሜሪካኑን ሠሪ ወረፋ ዓመት የሚጠብቅ ሰብሳቢ የአገሩን ሠሪ እስከ ማታ አይታገሠውም።

ሁለተኛው መልስ፣ «የአባቶቻችን ልማድ ነው» የሚል ነው። አርሲ በ1870ዎቹ በጠብመንጃ የመጣበትን የምኒልክን ጦር ለዓመታት ሲመክት የያዘውን ጦር ማን ቀጠቀጠለት? ያ የተናቀው ሠሪ አይደለምን? ልማድ ይሉታል እንጂ ውለታ መርሳት ነው። ምኒልክም ራሳቸው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ሃይማኖትም ቢሆን ለዚህ ንቀት ጥግ አይሰጥም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ብረት ሠሪና ስለ ሸክላ ሠሪ ተናግሮ፣ ያለ እነርሱ ከተማ ከተማ እንደማይሆን ያስረዳል፤ ቁርኣንም እግዚአብሔር ለዳዊት ብረትን እንዳለዘበለት ይናገራል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ፍልስጥኤማውያን እስራኤልን ለማዳከም በምድራቸው ብረት ሠሪ እንዳይገኝ አደረጉ፤ እስራኤላውያንም ማረሻቸውን ለማሳል ወደ ጠላት አገር ይወርዱ ነበር። ያን ጊዜ ጠላት በሌላው ላይ ያደረገውን እኛ በገዛ ራሳችን ላይ አደረግነው።

ሦስተኛው መልስ፣ «ያ ሁሉ ዛሬ ቀርቷል» የሚል ነው። በሕግ በኩል እውነት ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ፈቀደ፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደነገገ። ሕግ ግን እስከ ደጅ ይደርሳል እንጂ እስከ ማዕድና እስከ ጋብቻ አይዘልቅም። ንቀቱ ቀርቶ እንደ ሆነ ለማወቅ ሰው ሁሉ የራሱን ቤት ይመርምር።

ዋጋውንም እንየው። በጎንደር አካባቢ ማረሻና ካራ በመሥራት የታወቁት ቤተ እስራኤል ቡዳ ሲባሉ ኖረው፣ አብዛኞቹ ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ የእጃቸውም ጥበብ አብሯቸው ሄደ። ሰው እንደ ዕቃ በሣጥን ተቈልፎ አይቀመጥም። የቀጥቃጭ ልጅም ዛሬ መዶሻውን የሚጥለው ሥራው ከብዶት ብቻ ሳይሆን፣ ስሙን ከስድቡ ለማዳን ነው። ስለዚህ የሙያውን መጥፋት እያዩ «ወይ ያ የጥንት ጥበብ!» ብለው የሚያዝኑ ሰዎች አስቀድመው ገዳዩን በመስተዋት ይፈልጉት።

በ1960 ዓ.ም. ገደማ የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ፣ በአጭሩ ካዱ፣ በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ በተመሠረተ ጊዜ የእርሻ መሣሪያ የሚመረምር ክፍል ነበረው። የተሻሻለውን ማረሻ ተመለከትን፤ ያ ሕዝብ ለብረት ሠሪዎቹ ያለውን አክብሮት ግን አልተቀበልንም። ከሁለቱ የሚበልጠውን ተውነው ማለት ነው።

እንግዲህ ሰንጢ ሰብሳቢ ሆይ፣ ስብስብህን ጣለው አንልህም። አንድ ቦታ ግን ክፈትለት። ወደ አገርህ ቀጥቃጭ ሂድና ስሙን ጠይቅ፤ ወንድሜ ብለህ አብረኸው ቡና ጠጣ። ከባሕር ማዶ ያመጣኸውን ሰንጢ አሳየውና ችንካሩንና ሞላውን ይመርምር። እጀታውን ከወይራ ወይም ከቀንድ አድርጎ አንድ እንዲሠራልህ እዘዘው፤ ጊዜ ስጠው፤ የጠየቀህን ክፈለው። በስለቱም ላይ ስሙን እንዲቀርጽ ለምነው። የመጀመሪያው ሥራው ቢወላገድ ሁለተኛውን እዘዝ፤ ብረት በአንድ ምት አይቀናምና። ልጆቻችሁ ቢዋደዱ ደግሞ አትከልክል። ይህን ያደረግህ ቀን በሣጥንህ ያለው ሁሉ በእውነት ያንተ ይሆናል፤ እስከዚያው ግን ያከበርኸውን ነገር የሠራውን እጅ የምትገፋ፣ የስለት ባለጠጋ፣ የፍርድ ድኻ ነህ።